የግራው ጆሮ

ፊቱ ሌላ ነው።

ጦይባ ይህን ያየችው ቬስትራ ስኮገን ጣቢያ፣ ረጅሙ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ፣ እኩሌታውን ከወጣች በኋላ ነው። ከላይ የሚወርደው ሰውዬ ምልክቱን አሟልቷል። አረንጓዴ ሻርፕ ግራ ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል። በነጻ የሚታደለውን ጋዜጣ ለሁለት አጥፎ ብብቱ ሥር ይዟል። ቀኝ እጁ ጓንት የለውም። ሁሉም ልክ ነው። ግን እስከ ዛሬ ዕቃ ስትቀበላት የኖረችው አንዲት አጠር ያለች መነጽራም ሴት ናት። ስሟን አታውቅም። ፊቷን ግን በሺህ ሰው መሀል ትለየዋለች።

ደንቡ ግልጽ ነው። ፊት ከተለወጠ ዕቃ አይሰጥም።

ዕቃው ትንሽ ፍላሽ ነው። ቀኝ መዳፏ ውስጥ፣ ጓንቷ ሥር ተሸጉጧል። ሰውዬው ትይዩዋ ሲደርስ እጁን መደገፊያው ላይ አሳርፎ ጣቶቹን ከፈት አደረገ። ጦይባ እጇን አነሳችና የሹራብ ቆቧን አስተካከለች። ተላለፉ።

የሰውዬው እጅ ባዶውን ቀረ።

ወደ ኋላ አላየችም። ግን ሰማች። ብረት የሚረግጥ ከባድ ጫማ። ሰውዬው የሚወርደውን ደረጃ ሽቅብ እየሮጠበት ነው።

ላይ ስትደርስ ወደ መውጫው አልሄደችም። የሕፃን ጋሪ ከሚገፉ ሁለት እናቶች ጋር ወደ አሳንሰሩ ገባች። በሩ ሊዘጋ ሲል አረንጓዴው ሻርፕ ወደ በረዶው ወጥቶ ግራና ቀኝ ሲያማትር አየችው። አሳንሰሩ መልሶ ወደ ታች ወሰዳት። በሩን የከፈተ ባቡር ቆሟል። ወዴት እንደሚሄድ ሳታነብ ገባች።

ከተቀመጠች በኋላ ፍላሹን ከጓንቷ አውጥታ ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው።

በፈረንጆቹ 2007 ጥር ነበር። ስቶክሆልም በዚያ ወር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጨልማል። በመስኮቱ መስታወት ላይ የራሷን ፊት አየች፤ የሣራን ፊት። ሰው ሁሉ የሚያውቃት በዚህ ስም ነው። ሣራ ሁስቢ ውስጥ አንድራሃንድ ትኖራለች፤ ቤቱን ከሌላ ተከራይ ላይ ነው የተከራየችው። ሺስታ ውስጥ ባለ አንድ የአንቴና ምርምር ድርጅት በልኬት ባለሙያነት ትሠራለች። እሑድ እሑድ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ጉባኤ ውስጥ ትዘምራለች። ወላጅ አልባ ናት፤ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ይህን ሁሉ የጻፈላት ቢሮው፣ የስዊድን የጸጥታ መሥሪያ ቤት፣ ነው።

ጦይባ ዓሊ ግን የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በልጅነቷ ከእናቷ ከሰአዳ ጋር መጥታ እዚሁ ስቶክሆልም፣ ኖርስቦሪ ሰፈር አደገች፤ ምሕንድስና ተማረች፤ ቢሮው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ አገኛት። ቢሮው ማለት ደግሞ ለእሷ አንድ ሰው ነው። ጋሽ ወንድይራድ። የቀድሞ የመገናኛ መኮንን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ ነገር የማይደግሙ ሰው። የምስጢር ስማቸው «አጎት» ነው። የእሷ «ድርጭት»። እንድትከታተላቸው የተላከችባቸው ተመራማሪ ዶክተር ንጋቱ ደግሞ «ቀንድ» ይባላሉ፤ ላብራቶሪያቸው ውስጥ ማይክሮዌቭ የሚረጨው የመለኪያ አንቴና ቀንድ ስለሚመስል።

ሰአዳ አምና ሞታለች። ጦይባ ቀብሩን ያየችው ከመካነ መቃብሩ አጥር ውጭ ቆማ ነው። ሣራ እዚያ ምን ትሠራለች? ከዚያ ወዲህ ጦይባ ብሎ የሚጠራት በምድር ላይ አጎት ብቻ ነው የቀረው።

አንድ ቀን ሁስቢ አደባባይ አንዲት እናት ልጇን «ጦይባ፣ ነይ» ስትል ሰማች። እግሯ ተሳሰረ። አልዞረችም። ያ ጥሪ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከተላት። ባቡር ውስጥ ትሰማዋለች። ዕቃ ስታጥብ ትሰማዋለች። በመዝሙር መሀልም ትሰማዋለች። የእናቷ ድምፅ ነው።

በዚያን ዕለት ጠዋት፣ ከርክክቡ በፊት፣ ዶክተር ንጋቱ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ጠርተዋት ነበር።

ንጋቱ የነቀምት ሰው ናቸው። ረጋ ያሉ፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የሳሳ። ቢሮው እንደሚለው የመንግሥትን ምስጢራዊ ጥሪዎች ከማማ ወደ ማማ የሚያሻግረውን አዲሱን አንቴና ንድፍ ለውጭ ሰው እየሸጡ ነው። ጦይባ ዓመት ሙሉ ስትከታተላቸው አንድም የሚሸጥ ሰው ምልክት አላየችባቸውም። ሆኖም በየጊዜው ፋይላቸውን እየቀዳች ትልካለች። ላብራቶሪው ኮምፒውተር ጀርባ፣ የኪቦርዱ ገመድ ከሚሰካበት፣ የጣት ጫፍ የምታህል መሣሪያም ሰክታለች። «ትሰማለች እንጂ ምንም አታደርግም» ብለዋታል አጎት።

«ነይ እስቲ ይህን እዪ» አሉ ንጋቱ። ስክሪኑ ላይ ጨረሩ ወደየት እንደሚረጭ የሚያሳየው መስመር ተስሏል። መሀሉ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ሾሏል፤ ግራና ቀኙ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። «አንቴና ወደ ፊት ሲናገር በጎኑ ያፈተልክበታል። የሚያፈተልክበትን ቦታ እኔ ጆሮ እለዋለሁ፤ እዚያ የቆመ ሰው ይሰማልና። ስድስት ዓመት የደከምኩት ጆሮዎቹን ልቆርጥ ነው።»

«ተቆርጠዋል እኮ ጋሽ ንጋቱ።»

«ሁሉም አልተቆረጡም።» ጣታቸውን ከተራራው በስተግራ፣ አንዲት ጉብታ ላይ አሳረፉ። «ይህችን እኔ አልሠራኋትም።»

«የክፍሉ ነጸብራቅ ይሆናላ።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። የአንቴናውን ፓነል ገልብጬ ለካሁት። ጆሮዋም አብራ ተገለበጠች። የክፍሉ ነጸብራቅ ብትሆን ኖሮ እዚያው በነበረችበት ትቀር ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ፋይሉ ከእኔ እጅ ወጥቶ ፋብሪካ እስኪደርስ አንድ ሰው ነክቶታል። ማእዘኗን የሚያውቅ ሰው በጆሮዋ አቅጣጫ ካለ ኮረብታ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉን ይሰማል። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።»

ጦይባም ለማንም አልተናገረችም። ጊዜው አልነበራትም።

በማግስቱ ከሁስቢ ሕንፃዎች ጀርባ ባለው ሜዳ አጎትን አገኘቻቸው። ለአስቸኳይ ጊዜ የተቀጠረ ቦታ ነው። የጎረቤት ውሻ ይዘው፣ እንደማንኛውም ሽማግሌ፣ በበረዶው ላይ ቀስ እያሉ መጡ።

«ለምን አልሰጠሽውም?»

«ፊቱ ሌላ ነበር።»

«ሴትዮዋ ታማለች። እሱን የላክሁት እኔ ነኝ።»

«መልእክት አልደረሰኝም፣ ጋሼ።»

«ይኸው አሁን ደረሰሽ።» ውሻው በረዶውን ያነፈንፋል። «ንጋቱስ? ያችን የግራ ጆሮ ለሌላ ሰው ነግሯል?»

ነፋሱ በሜዳው ላይ አለፈ።

ጦይባ ስለ ግራ ጆሮ ከአፏ ያወጣችው ቃል የለም።

ፊቷን አልለወጠችም። ሥልጠናውን የሰጧት ራሳቸው ናቸው። «አልነገሩም» አለች። «ለእኔ ብቻ ነው።»

«ጥሩ። ፍላሹስ?»

ፍላሹ ካፖርቷ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ ነበር። «ደንግጬ ላብራቶሪው ውስጥ፣ የምንለካበት ዝምተኛ ክፍል ደበቅሁት። ስፖንጁ ውስጥ።»

አጎት ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው እሑድ፣ እነ ንጋቱ ጉባኤው ውስጥ ጸሎት ላይ ሲሆኑ፣ አብረን እንገባለን። ያችንም መሣሪያ አወጣታለሁ። ሥራው አልቋል። ቀንድ ይታሰራል።» ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ «ደክሞሻል፣ ጦይባ» አሉ።

ስሟን ሰምታ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ቀጥሎ ብርድ።

እያየቻቸው ሄዱ። አይ፣ ሄደ። ያን ቀን አንቱታው ከልቧ ወደቀ። ነገሩን ከሜዳው ሳትወጣ ገጣጠመችው። ፋይሉ ወደ ፋብሪካ የሚላከው ከዚያ ከአንድ ኮምፒውተር ነው። በንጋቱ ጣቶችና በኮምፒውተሩ መሀል ያለችው ደግሞ እሷ የሰካቻት መሣሪያ ናት። መሣሪያዋ መስማት ብቻ ሳይሆን መጻፍም ትችላለች። የግራውን ጆሮ ያበቀለው ወንድይራድ ነው። በእሷ እጅ።

ለማን ትናገር? የቢሮውን በር አታውቀውም። የተሰጣት የአደጋ ጊዜ ስልክ የሚጠራው የእሱ ኪስ ውስጥ ነው። የእሷ ማኅደር ያለው እሱ ዘንድ ነው። እሱ ሌባ ናት ካለ፣ ሌባ ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የንጋቱ ባለቤት ደሚቱ ገንፎ ሠርተው ጠሯት። ደሚቱ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ የሚንከባከቡ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ሁልጊዜ የሳሙና ሽታ አለው። ልጃቸው አዶናይ በአማርኛ የምትጠየቀውን ሁሉ በስዊድንኛ እየመለሰች አብራቸው በላች። ስለ አንቴና ማንም አላነሳም። ንጋቱ ግን ማንኪያውን ይዘው ይፈዙ ነበር።

ልትሄድ ስትነሳ ደሚቱ በሩ ላይ ያዟት።

«ሣርዬ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም። ምን ሆነሻል?»

«ብርዱ ነው፣ እትዬ ደሚቱ።»

«ብርድማ እኔም አለብኝ።» እጃቸውን አናቷ ላይ ጫኑ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ ይህች ልጅ የተሸከመችውን አንተ ታውቀዋለህ። ብቻዋን አታሸክማት።»

ጦይባ አንገቷን ደፍታ ቆመች። እናቷም ፈተና ስትሄድ እንዲሁ አናቷን ይዛ ዱዓ ታደርግላት ነበር። «አሜን» አለች። በሁለቱም ቤት የሚባለው ይኸው ቃል ነው። የዚያን ቀን ግን ማን እንዳለው አላወቀችም፤ ሣራ ትሁን ጦይባ።

እሑድ ጠዋት ቀድማ ገባች።

ላብራቶሪው ጭር ብሏል። መጀመሪያ መሣሪያዋን ከኮምፒውተሩ ነቀለች። በትንሽ መፍቻ ሽፋኑን ከፈተች። ውስጧን አውጥታ ቀፎውን ብቻ መልሳ ሰካችው። ያወጣችውን ፍሬ ነገር ይዛ ዝምተኛው ክፍል ገባች። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ ወለሉ ሳይቀር ሰማያዊ የስፖንጅ ሾጣጣዎች የተተከሉበት ክፍል ነው። ጨረርም ድምፅም እዚያ ገብቶ አይመለስም። አንዱ ሾጣጣ ሥር ሸጎጠችው። ሰው ድንገት ቢመጣ ሥራ ላይ እንድትመስል የመለኪያ አንቴናውን ቀንድ አስነሳች። ቀንዱ ከአንድ ዳር ይረጫል፤ የንጋቱ ፓነል ከወዲያ ዳር ይቀበላል፤ የተቀበለውን በግድግዳው በኩል በሚያልፍ ገመድ ወደ መቆጣጠሪያው ስክሪን ያወጣዋል።

ወንድይራድ መጣ። ውሻ አልያዘም።

መሣሪያዋን ነቅሎ አገላብጦ አያትና ኪሱ ከተተ። «ፍላሹ?»

«ውስጥ ነው።»

ተከትሏት እስከ በሩ መጣ። እሷ በሾጣጣዎቹ መሀል ባለው ጠባብ መረማመጃ ገባች። ጎንበስ ብላ ፍላሹን ከስፖንጅ ያወጣች አስመሰለች። ዘረጋችለት።

አልተቀበላትም።

«ያዢው» አለ። «ካንቺ ጋር መገኘት ያለበት ዕቃ ነው።»

ድምፁ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት፤ ከአፉ ወጥቶ እዚያው የሚሞት።

«የግራውን ጆሮ ለማን ነው የሠሩት፣ ጋሽ ወንድይራድ?»

«ሰሚ ሞልቷል።»

«ዶክተር ንጋቱስ?»

«አንቺ ነሽ የሰረቅሽው፣ እሱ ነው የሸጠው። ሁለታችሁም አንድ ጉባኤ ናችሁ። ለማመን አይከብድም።» በሩን ያዘ። «ነገ ጠዋት ሣራን ከነፍላሿ ያገኟታል።»

«ጦይባስ?»

«እሷን የማውቃት እኔ ብቻ ነኝ።»

በሩ ተዘጋ።

ከውጭ እጀታው ላይ ብረት ሲሰካ ንዝረቱ ተሰማት። ገፋች። አልነቃነቀም። ስልኳን አወጣች። አንድም የኔትወርክ መስመር የለም፤ ክፍሉ ለዚሁ ነው የተሠራው። ጮኸች። ጩኸቷ ከከንፈሯ አልራቀም።

ከዚያ ዝምታው መጣ።

እንዲህ ያለ ዝምታ ውስጥ ሰው ራሱን ይሰማል። የደሟን ፏፏቴ ሰማች። ዓይኗን ስታርገበግብ ሰማች። ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ከኋላዋ፣ በጣም ቀርቦ። ጦይባ፣ ነይ። ለዚያ ጥሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች። ሰማያዊ ሾጣጣ ብቻ ነው። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ለቅሶዋም ድምፅ አልነበረውም። ሰአዳን የቀበሯት ያለ ልጇ ነው። ልጇ አጥሩን ይዛ ቆማ፣ ሰው እንዳያያት ሻርፗን እስከ ዓይኗ ስባ ነበር። ያኔም «ጥሩ አድርገሻል» ያላት ይህ ሰው ነው።

ስታለቅስ ቆይታ ቀና አለች። ቀንዱ ሥር ቀይ መብራት ይበራል።

ቀንዱ እየረጨ ነው። ፓነሉ እየሰማ ነው። ገመዱ ወደ ውጭ ያወጣል።

ከዚህ ክፍል የሚወጣ አንድ ነገር ብቻ አለ።

ተነስታ በሁለቱ መሀል ገብታ ቆመች። ጨረሩን በአካሏ ጋረደችው። ከዚያ ወጣች። ገባች። ወጣች። ውጭ ያለው ስክሪን ላይ መስመሩ እየወደቀ፣ እየተነሳ መሆን አለበት። የሚያየው ሰው ግን የለም። እሑድ ነው። ሰው ሁሉ ጸሎት ላይ ነው። ገባች። ወጣች። እግሯ እስኪዝል፣ ጊዜው እስኪጠፋባት።

በዚያው ሰዓት ጉባኤው ውስጥ ደሚቱ በመዘምራኑ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ እያዩ ነበር። ጸሎቱ እንዳለቀ ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው «ሣራ ቀርታ አታውቅም፤ ሂድና እያት» አሏቸው። ንጋቱ ቤቷን አንኳኩ። መልስ የለም። ላብራቶሪው መንገዳቸው ላይ ነውና ገባ አሉ። መብራት ጠፍቶ ስክሪኑ ብቻ በርቷል። መስመሩ ይወድቃል፤ ይነሳል። ይወድቃል፤ ይነሳል።

ቆመው አዩት። አንቴና አይተነፍስም።

በሩ ተከፈተ። ንጋቱ ብረቱን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«ሣራ፣ ማነው የዘጋብሽ?»

ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ሁልጊዜም ይዘጋጃል። ደክሟት ነው መሰል ሳይወጣ ቀረ።

«ስሜ ሣራ አይደለም፣ ጋሽ ንጋቱ።»

ነገረቻቸው። በአጭሩ፣ ቆማ፣ ምንም ሳታለሳልስ። መሣሪያዋን ማን እንደሰካት። ፋይሉን ማን እንደለወጠው። ለምን እንደ ተላከችባቸው። ንጋቱ ሳያቋርጧት ሰሙ። ስትጨርስ ብረቱን ቀስ ብለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

«ቤቴ እየመጣሽ የበላሽውስ?»

ጦይባ ፍላሹን ብረቱ አጠገብ አስቀመጠች።

«ደሚቱ እጇን ጭና ስትጸልይልሽስ?»



ንጋቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያረጁ መሰሏት። «ፋብሪካው የሠራቸው ፓነሎች ዮርድብሩ መጋዘን ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «በዚህ ሳምንት ማማ ላይ ይሰቀላሉ። ምን ይደረግ ትያለሽ?»

«ይክሰሱኝ።»

«ማንን?»

«ሣራን። አሁኑኑ ተራ ፖሊስ ይጥሩ። ሣራ የምትባል ሠራተኛዬ ኮምፒውተሬ ላይ የስለላ መሣሪያ ሰክታ ፋይሌን አበላሸች ይበሉ። እኔ ለቢሮው ብናገር ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሱ ነው። እርስዎ ለፖሊስ ከተናገሩ ግን በሌላ በር ይገባል። ሣራ ማን ናት ብለው ሲፈልጉ፣ ለዚህ ሥራ ምስክር ሆኖ የፈረመላትን ያገኛሉ። የቤት ውሏን የፈረመላትንም ያገኛሉ። ሁለቱም እሱ ነው።» ወደ ክፍሉ ተመልሳ ፍሬ ነገሩን ከስፖንጁ ሥር አወጣች። «ይኸውልዎ የመሣሪያዋ ሆድ። ምን እንደ ጻፈች ውስጧ አለ። እሱ የያዘው ቀፎውን ነው።»

ንጋቱ ዕቃዋን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧት። «ከዚህ በኋላ ሣራ ሌባ ናት ማለት ነው። ጉባኤው ፊት። ሁሉም ፊት።»

«አዎ።»

«አንቺስ የት ትሄጃለሽ?»

«እኔን የሚፈልግ ሰው የለም» አለች።

ስልኩን አነሱ። ሲያነጋግሩ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነበር። ሲዞሩ ጦይባ ሄዳለች።

ወንድይራድ በማግስቱ ወደ ታሊን የሚሄድ መርከብ ሊሳፈር ሲል ተያዘ። ኪሱ ውስጥ የተገኘው ባዶው ቀፎ ነው። ሲይዙት አልታገለም፤ ቀፎውን ከፍተው ሲያሳዩት ብቻ ፈገግ አለ ይባላል። ባለ አረንጓዴ ሻርፑ ሰውዬ ግን ዱካው ጠፋ። ፓነሎቹ ከዮርድብሩ መጋዘን ሳይወጡ ታገዱ። ንጋቱ ከመጀመሪያው ንድፋቸው እንደገና አሠሯቸው።

ጦይባ በሦስተኛው ቀን በራሷ እግር ሄዳ እጇን ሰጠች። በአንድ መስኮት አልባ ቢሮ አንዲት ሽበታም ስዊድናዊት አነጋገረቻት። የቢሮውን ሌላ ፊት ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ያደረግሽውን እናውቃለን» አለቻት ሴትየዋ። «ግን ልንናገረው አንችልም። ወንድይራድ ከእኛ አንዱ መሆኑ አይወጣም።»

«ዶክተር ንጋቱስ?»

«ነጻ ናቸው። እውነቱንም ያውቃሉ። ለማንም፣ ለባለቤታቸውም ቢሆን፣ እንዳይናገሩ ፈርመዋል።»

«ጋዜጣው ሣራን እየፈለገ ነው።»

«ይፈልግ» አለች ሴትየዋ። «አያገኛትም።»

ሌላ ስም ሰጧት። ፀጉሯን አሳጠረች። ከከተማው ደቡብ፣ ማንም ማንንም የማይጠይቅበት ሰፈር ቤት ተሰጣት፤ ዮርድብሩ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ የመለያ ቁጥር የምታነብ ሠራተኛ ሆነች። የእናቷን መቃብር አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን፣ በግልጽ፣ ሄዳ ጎበኘች። ከዚያ ወዲህ የእናቷ ድምፅ አልተጣራትም። አሁን የሚጣራት ሌላ ድምፅ ነው። ሣርዬ ይላል።

ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በጥቅምት አንድ ቀን፣ ከሥራ ስትመለስ ፔንደልቶጉ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጣ ነበር። በሩቅ ሠፈሮች መሀል የሚመላለሰው ይህ ባቡር በዚያ ሰዓት ሰው ይሞላዋል። አንዲት ሴት ከፊት ለፊቷ ያለውን ቦታ ጠይቀው ተቀመጡ። የሳሙና ሽታ ቀድሞ ደረሳት።

ደሚቱ ናቸው። ከስተዋል። የሥራ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ። ዓይናቸው ፊቷ ላይ ቀረ።

አንድ ጣቢያ አለፈ።

«ንጋቱ ስላንቺ ምንም አይለኝም» አሉ ደሚቱ በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እንዳይሰማ ዝቅ አድርገው። «ስምሽ ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። የተናደደ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ሳየው ንዴት አይደለም።»

ጦይባ ውጭ ውጭ አየች። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ጨርሰዋል።

«ጉባኤው እርሺያት አለኝ። አልቻልኩም። እሑድ እሑድ እጠራሻለሁ። ግን ሣራ ስምሽ እንዳልሆነ ጋዜጣው ጽፏል።» ጎንበስ አሉ። «ሌላ ስም ካለሽ ንገሪኝ፣ ልጄ። በውሸት ስም ስጠራሽ ጸሎቴ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም።»

ስሙ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ሦስት ፊደል ነው። ብትለው በዓለም ላይ በስሟ የሚጠራት አንድ ሰው ይኖራት ነበር።

ንጋቱ የፈረሙት ወረቀት ትዝ አላት። ያልተያዘው ባለ አረንጓዴ ሻርፕ ትዝ አላት። አዶናይ ትዝ አለቻት፤ ከትምህርት ቤት ብቻዋን የምትመለሰው።

«ይቅርታ» አለች በስዊድንኛ። «ከሌላ ሰው ጋር ተሳስተው ይሆናል። የሚሉት አይገባኝም።»

ደሚቱ አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብዙ ጊዜ፣ ቀስ ብለው። ባቡሩ ሲቆም ቦርሳቸውን ይዘው ተነሱ። መሬት መሬት እያዩ ወረዱ።

አጠገቧ የተቀመጠች ወጣት የጆሮ ማዳመጫዋን አወጣች። «ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም» አለች ጦይባ።

በሚቀጥለው ጣቢያ ወረደች። የእሷ ጣቢያ አልነበረም። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ከሥራ ከሚመለሰው ሰው ጋር ተቀላቅላ መውጫውን አለፈች፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ከሌሎቹ ካፖርቶች መሀል የትኛው የእሷ እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር።